የዳንግላዋ ባዝራ የማን ናት?

ሰው መጠርጠር ላይ ጎበዝ ነኝ። ባለቤቴ «አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» እያለ ይቀልድብኛል። ቲማቲም ስገዛ ከሥር ያለውን ገልብጬ አያለሁ። ባጃጅ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ቦርሳዬን ስንት ጊዜ እንዳየው እቆጥራለሁ። ይህ ጠባዬ ከብዙ ጉድ አድኖኛል ብዬ አምን ነበር። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ያላዳነኝን ቀን ነው፤ እያነበባችሁ ብትታዘቡኝ አልቀየምም።

ትርንጎ እባላለሁ። በዚያን ጊዜ እንጅባራ ከተማ ውስጥ ቀለም ከተቀባ ነገር ግማሹን የቀባሁት እኔ ነኝ ብል ብዙ አልዋሸሁም። የሱቅ ታፔላ እጽፋለሁ፣ የባጃጅ ጀርባ አስጌጣለሁ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ እስላለሁ። መዋዕለ ሕፃናቱ የሚፈልጉት ከውጭ አገር ፊልም የሚታወቁትን የካርቱን ገጸ ባሕርያት ነው። ዳይሬክተሯ ስልኳን አውጥታ «ይቺን» ትለኛለች፤ እኔም ቁመቷን አንድ ሜትር ተኩል አድርጌ ግድግዳው ላይ አወጣታለሁ። የማን ናት፣ ማን ፈቀደልሽ የሚል ጥያቄ ውል ብሎብኝ አያውቅም። ባለቤቱ ባሕር ማዶ ነው ያለው፤ እንጅባራ ድረስ መጥቶ ግድግዳ ሊፍቅ ነው?

የእኔ የምላት ግን አንዲት ነበረችኝ። ስሟ እትዬ ባዝራ ነው። መነጽር ያደረገች፣ ነጠላዋን ያጣፋች፣ አፏ የማያርፍ ፈረስ ናት። በሳምንት ሁለት ቀን በቴሌግራም ቻናሌ ላይ ትወጣለች። አንድ መሥሪያ ቤት ሄዳ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲሏት፣ «እኔም ግጦሽ ላይ ነኝ፤ ሲጨርሱ ያስጠሩኝ» ብላ ግቢው ሣር ላይ የተሰማራችበት ሥዕል በየሰው ስልክ ዞሯል። አንድ ጊዜ ደግሞ የአንድ ሳሙና ምልክት የሆነውን አውራ ዶሮ አስመስዬ ሳልኩና እትዬ ባዝራን «አንተ ራስህ መቼ ታጥበህ ታውቃለህ?» አስባልኳት። አብሮኝ የተማረው ጠበቃው ወርቁ በማግስቱ ደወለልኝ። ያስፈራራኛል ስል ሳቀ።

«ዶሮውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እንዳሾፍሽበትም ያውቃል። ፓሮዲ ይሉታል። ነገሩ የሚበላሸው ዶሮውን ወስደሽ የራስሽን ሳሙና የሸጥሽበት ዕለት ነው» አለኝ። ይህችን ትምህርት ጥሩ አድርጌ ያዝኳት።

ከዚያ ዕድሌ ተከፈተ። አንድ አዲስ አበባ የሚገኝ የልጆች መጽሐፍ አሳታሚ እትዬ ባዝራን ለተከታታይ መጻሕፍት እንፈልጋታለን አለኝ። ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደነበር ልንገራችሁ። በከተማዬ «ቀለም ቀቢዋ» ነው የምባለው፤ የሰፈር ሰው አጥር ሲቀባ እንኳ «ትርንጎን ጥሯት» ይላል። መጽሐፍ ሽፋን ላይ «ሥዕል በትርንጎ» ተብሎ መታተም በሕልሜም ያላየሁት ነገር ነው። ለእናቴ ነግሬያለሁ፤ እናቴ ለዕድሯ ነግራለች፤ ስለዚህ ወደኋላ ማለት የለም። የቀረው አንድ ወረቀት መፈረም ብቻ ነበር። ወረቀቱ፣ ገጸ ባሕርይዋ ሙሉ በሙሉ የራሴ ፈጠራ መሆኗን፣ ከማንም አለመቀዳቷንና የማንም የንግድ ምልክት አለመሆኗን አረጋግጣለሁ ይላል። እስከ ዓርብ መላክ ነበረበት።

ረቡዕ ጠዋት የባጃጅ ጀርባ እየቀባሁ ሳለ አርታኢዋ ደወለች።

«ትርንጎ፣ ዳንግላ ውስጥ በሶ ትሸጫለሽ እንዴ?»

«በሶ?»

«አንድ ባልደረባችን በዚያ ሲያልፍ የገዛውን ፎቶ አንስቶ አመጣልን። ልኬልሻለሁ፤ እይውና ደውዪልኝ።»

እጄን በቤንዚን ጨርቅ ጠራርጌ ከፈትኩት። «ስመኝ በሶ፣ ዳንግላ» የሚል የላስቲክ ከረጢት ነው። መሐሉ ላይ በቡናማ ቀለም የታተመች ባዝራ አለች። መነጽር የላትም፣ ነጠላ የላትም። አንገቷ ግን የእኔ አንገት ነው፤ ዓይኗን ከጎን የምታደርግበት ሁኔታም የእኔ ነው። ከሁሉም በላይ የግራ የፊት እግሯ ኮቴ ወደ ውስጥ ዞሯል። ይህ ኮቴ እኔ ብቻ የምስለው ነው። ፈረስ እንዲህ እንደማይቆም ስንቱ ጽፎልኛል። እጄ ለምዶት ነው እንጂ ለምን እንደማደርገው እኔም አላውቅም ነበር፤ ኋላ ላይ ግን እንደ ጣት አሻራዬ ቆጥሬ ተውኩት። ሌባው አሻራዬን ሳይቀር ሰርቋል ማለት ነው። ደሜ ፈላ።

መልሼ ደወልኩ። «ሰርቀውኛል» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል» አለች አርታኢዋ በረጋ ድምፅ፤ ረጋ ማለቷ ራሱ አናደደኝ። «ወይ እነሱ ካንቺ ወስደዋል፣ ወይ አንቺ ከእነሱ። የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ መጽሐፉን አናትምም።»

ያን ቀን ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። ሥዕሎቼን በፍላሽ ያስቀመጥኩበት የማተሚያ ሱቅ ሄጄ ናሙና ሰሌዳውን ፎቶ ሳነሳ ባለሱቁ «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። «ምንም» አልኩና ደግሞ ዓይን ዓይኑን አየሁት። ሁልጊዜ ለዛ የሌለው ቀልድ ይቀልድ የነበረው ሰውዬ ያን ዕለት ዝም ማለቱን እንደ ማስረጃ ያዝኩበት። ከሰዓት ወርቁ ቢሮ ገባሁ።

«ሄደሽ ምርቱን ግዢ» አለኝ። «ማን እንደሳለው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጠቀሙበት በዘዴ ጠይቂ። ማንነትሽን ካወቁ አፋቸውን ይዘጋሉ።»

«በስልኬ ብቀዳቸውስ?»

«እሱን እኔ አልሰማሁም» አለና ፋይሉን ማገላበጥ ጀመረ።

ሐሙስ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ ወዴት እንደምሄድ ስትጠይቀኝ «ቡሬ» አልኳት፤ መኪናው የሚሄደው በተቃራኒው ወደ ዳንግላ ነበር። ሴትዮዋ አየችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ዳንግላ መናኸሪያ ወርጄ አንድ ባለጋሪ «ስመኝ በሶ የሚባል ታውቃለህ?» አልኩት። «የማያውቃት አለ? ውጪ!» አለኝ። ጋሪው ያረጀ ነው፤ የኋላ ሰሌዳው ላይ የተላላጠ ሥዕል ነበረበት፤ ምንነቱ አይለይም። በሙያዬ ኩራት ተሰምቶኝ «ይሄን የመሰለ ጋሪ ይዘህ ለምን አታሳድሰውም?» ስለው፣ «አባቴ ያሠራው ነው፤ ለማን ብዬ አጠፋዋለሁ?» አለኝ። እንደ ልማዴ ሰሌዳውን ከማየት ይልቅ መንገዱን አዙሮ እንዳያስከፍለኝ መንገዱን ሳይ ነበር።

በሩ ጋ ስደርስ ስልኬን መቅጃ ላይ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ግቢው ውስጥ የተቆላ ገብስ በሰፊው ተሰጥቷል። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ወንፊት ይዛ ትነፋለች። እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሷል።

«እንደምን ዋልሽ?» አልኩ። «ከእንጅባራ ነው የመጣሁት። ሱቅ አለኝ፤ በሶሽን ላከፋፍል ፈልጌ ነበር።»

«እንኳን ደህና መጣሽ። ስመኝ እባላለሁ። አንቺስ?»

«አስቴር።»

ወንበር አቀረበችልኝ። ስለ ገብሱ ጠየቅኩ፣ ስለ ከረጢቱ ጠየቅኩ። መልሷ ሁሉ አጭርና ቀጥተኛ ነው። ይህ ቀጥተኛነቷ አላማረኝም፤ የተዘጋጀች መሰለኝ። ከረጢቱን አንስቼ አገላበጥኩት።

«ይቺ ባዝራ ደስ ትላለች። ማን ሳለልሽ?»

«አባቴ።»

«በቅርቡ?»

ሳቀች። «ኧረ እኔ ሳልወለድ የነበረች ናት!»

ውሸት መብዛት ሲጀምር እንዲህ ነው አልኩ በልቤ። «አባትሽ ሠዓሊ ናቸው እንዴ?»

«ነበር። አሁን ዓይኑ አያይም።»

አያይም! ቁጭ አድርገው «እስቲ ይሳሉ» የማይሉት ሠዓሊ! ብልጥ ናት አልኩ። ስመኝ ግን ወንፊቷን አስቀምጣ እኔን ማየት ጀመረች።

«ሱቅሽ እንጅባራ የት ጋ ነው?»

«መናኸሪያው ጀርባ።»

«ስንት ከረጢት ነው የምትፈልጊው?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። «መጀመሪያ ልየው ብዬ ነው» አልኩ። ድምፄ ራሴን ቆረቆረኝ።

በዚህ መሐል ከቤት ውስጥ የሽማግሌ ድምፅ በአዊኛ የሆነ ነገር ጠየቀ። እሷም በአዊኛ መለሰች። እኔ ከአማርኛ ሌላ አልሰማም፤ እዚያው አካባቢ ተወልጄ አድጌ ቋንቋውን አለመማሬ እንደዚያን ቀን ያንገበገበኝ ጊዜ የለም። ተመላለሱ። ከሁሉም የያዝኩት «እንጅባራ» እና «አስቴር» የሚሉትን ብቻ ነው። ሽማግሌው አንድ ነገር ሲናገር ስመኝ ደንገጥ አለችና አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ሊያታልሉኝ እየተመካከሩ ነው አልኩ። ቦርሳዬን ወደ ጉያዬ ሳብኩት፤ መቅጃው ይህንንም ይዞታል፣ ወርቁ አስተርጓሚ ይፈልግለታል።

«ነይ ግቢ» አለችኝ ስመኝ። ፊቷ ተለውጧል፤ ፈገግታው የበዛ መሰለኝ። «አባዬ ሊያናግርሽ ይፈልጋል።»

ከውጭው በር እስከ ቤቱ በር ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጥሬ ገባሁ።

መስኮት አጠገብ ጋቢ የለበሱ ሰው ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ትርንጎ» አሉ። «አስቴር ማለትን ከየት አመጣሽው?»

ጋሼ አንለይ ነበሩ።

ስለ ጋሼ አንለይ ላስረዳችሁ። ከዓመታት በፊት፣ ሴት ልጅ መሰላል ላይ ወጥታ እንዴት ትጽፋለች ብለው የታፔላ ጸሐፊዎች ሁሉ ሲመልሱኝ፣ ዳንግላ ውስጥ ሱቅ የነበራቸው ጋሼ አንለይ መሰላሉን ራሳቸው ይዘው «ውጪ» ያሉኝ ሰው ናቸው። ስምንት ወር አስተማሩኝ። ፊደል አጣጣሉን፣ የቀለም አበጣበጡን፣ የጋሪ የኋላ ሰሌዳ ማስጌጡን ከእሳቸው ነው ያገኘሁት። ሥልታቸው በካርቶን ነበር፤ ሥዕሉን ካርቶን ላይ ቆርጠው ያወጡታል፣ ተማሪው በዚያ ዙሪያ እርሳሱን እያስከተለ ቅርጹን ሺህ ጊዜ ያወጣዋል፣ አንድ ቀን ካርቶኑን ይነጥቁታል። ያን ጊዜ እጁ ያለ ካርቶን ይሄዳል። እንጅባራ ተመልሼ ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ዓይናቸውን እንዳመማቸው፣ ሱቁን ዘግተው ጥሊሊ ከተማ ያለች ልጃቸው ዘንድ እንደሄዱ ሰማሁ። ሰማሁና ዝም አልኩ። አንድ ቀን እንኳ አልደወልኩም። ልጃቸውን አይቻት አላውቅም ነበር፤ ለካ ከዚያ ተመልሰው ዳንግላ አብረው ይኖራሉ።

ስመኝ ትኩስ ወተት አመጣችልኝ። ጋሼ እየሳቁ ነው።

«‹አስቴር የምትባል ነጋዴ ናት› ስትለኝ፣ ‹አስቴር አይደለችም፣ ያቺ ተማሪዬ ናት፤ እንደ ሥዕሎቿ ልትቀልድብሽ ነው፣ ዝም በያት› አልኳት» አሉኝ። «ድምፅሽን እኮ አልረሳም። መሰላል ላይ ሆነሽ ስትጮኺብኝ ስምንት ወር ሰምቼዋለሁ።»

«ሥዕሎቼን ያውቃሉ?» አልኩ።

«በሳምንት ሁለቴ አነብለታለሁ» አለች ስመኝ። «ሥዕሉን እነግረዋለሁ፣ የምትለውን አነብለታለሁ። ለጎረቤት ሁሉ፣ ‹ተማሪዬ ናት፣ ባዝራዬን በስልክ ታስኬዳታለች፤ እኔን ለማስታወስ ነው› እያለ ይኩራራል።»

«አንድ ጊዜ ሬዲዮ ላይ ቀርበሽ፣ ‹ማንም አላስተማረኝም፣ በራሴ ነው› ስትይ ሰማሁሽ» አሉ ጋሼ። «ስመኝ ተናዳ ነበር። እኔ፣ ሰው ሬዲዮ ፊት ይደነግጣል፣ ደንግጣ ነው አልኳት።»

ወዳጆቼ፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ጋሼ ግን ስቀው አለፉት፤ ፊታቸው ላይ ቅሬታ ፈልጌ አጣሁ።

«ጋሼ» አልኩ። «የባዝራዋ ኮቴ ለምንድነው ወደ ውስጥ የዞረው?»

«ረሳሽው?» አሉ። «የአባቴ የጋሪ ባዝራ ናታ። ጋሪው ድልድይ ላይ ተንሸራቶ እግሯ ተሰበረ። ሲድን ጠሞ ዳነ። ሰው ሁሉ ጣላት ሲለው አባቴ እምቢ አለ፤ ዓመታት ሠርታ ነው የሞተች። መጀመሪያ የሳልኩት ነገር እሷን ነው። ከዚያ ባለጋሪው ሁሉ ለእኔም ሳልልኝ አለ። አንቺ የመጀመሪያ ቀን ካርቶኑን ስትከተይ ‹ጋሼ፣ እዚህ ጋ ተሳስተዋል› ብለሽ ልታቃኚው ስትይ እጅሽን አልመታሁሽም?»

መትተውኛል። በዚያች ቅጽበት የጣታቸው ምት እጄ ጀርባ ላይ ተመልሶ መጣ። ካርቶኑ፣ ጠረኑ፣ በእጄ ይዤው የነበረው እርሳስ ሁሉ መጣ። አሻራዬ ነው ብዬ የኮራሁበት ኮቴ የእሳቸው ነበር። ሌባ ፍለጋ ከእንጅባራ መጥቼ ሌባዋን ወተት እያጠጧት ነው። ፊቴን ለመደበቅ፣ ሰዓት የማይ መስዬ ስልኬን ከቦርሳ አወጣሁና ወደ እሱ አቀረቀርኩ። ከዚያ መደቡ ላይ አስቀመጥኩት።

«ያቺን የስብሰባዋን አንብቢላት እስቲ፤ አንቺ ስታነቢው እንዴት እንደምስቅ እሷም ትይ» አሉ ጋሼ ለልጃቸው።

«መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ስልኬ ዘግቷል። ያንቺን ስጪኝ» አለችኝና እጇን ዘርግታ ስልኬን ከመደቡ አነሳችው።

«ቆይ» አልኩ። ዘገየሁ። የስልኩ መስታወት በራ፤ የመቅጃው ቀይ ነጥብ ብልጭ ድርግም ትላለች። ቁጥሩ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ አልፎ እየቆጠረ ነበር።

ስመኝ ስልኩን አየችው። እኔን አየችኝ። እንደገና ስልኩን አየችው።

«አስቴር ያልሽኝ ቀልድ አልነበረም ማለት ነው» አለች።

«ምንድነው?» አሉ ጋሼ።

በአዊኛ ነገረቻቸው። አጭር ነበር። የዚያን ጊዜ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ የጋሼ ፊት ሲጠቁር አየሁት። ሁሉንም ተናዘዝኩ። የአርታኢዋን ስልክ፣ የወርቁን ምክር፣ ዓርብ የሚላከውን ወረቀት ነገርኳቸው። መቅጃውን አጥፍቼ ቅጂውንም ፊታቸው ደመሰስኩት። ከዚያ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝን፣ ወረቀቱን አውጥቼ እንዲፈቅዱልኝ ለመንኩ። መለመን ሲያቅተኝ መከራከር ጀመርኩ።

«እኔም እኮ ጨምሬባታለሁ፤ መነጽር አድርጌላታለሁ፣ አፍ ሰጥቻታለሁ። ፓሮዲ ይባላል ጋሼ፤ ማሾፍ ነው፣ ይቻላል።»

ጋሼ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ያን የሳሙና ዶሮ ያለበትን ስመኝ ስታነብልኝ ስቄ ነበር» አሉ። «ዶሮውን ስለማውቀው ነው የሳቅኩት። ባዝራዬን ግን ማን ያውቃታል? ጋሪው እያለቀ ነው፣ ቀለሙ ተላልጧል። ሰው ዋናውን ሳያውቅ በምን ላይ አሾፍሽ ይባላል? መውሰድ ነው እንጂ ልጄ።» ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ታፔላ ላይ የጎበጠ ፊደል ሲያሳዩኝ የነበረው ድምፅ ነው። «ጠዋት በስምሽ ብትገቢ ኖሮ ጣቴን ቀለም ነክሬ እፈርምልሽ ነበር። ደስ ብሎኝ። አሁን ግን ባዝራዋን ለስመኝ ሰጥቻታለሁ፤ እንጀራዋ ናት። እሷን ጠይቂ።»

ወደ ስመኝ ዞርኩ። ስልኬን በሁለት ጣቷ ይዛ መለሰችልኝ።

«አልፈርምም» አለች። «ሥዕሉን ስለወሰድሽ አይደለም። በሱማ ስንደሰትበት ነው የኖርነው። ሌባ ናቸው ብለሽ ስለመጣሽ ነው።»

ወተቱን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳዬ የት እንዳለ እንኳ አላየሁም።

ዓርብ ጠዋት ወርቁ ቢሮ ነበርኩ። ሁሉንም ነገርኩት። እሱ የገባው ሌላ ነው።

«ምልክቱን አስመዝግባዋለች?»

«አላስመዘገበችም።»

«የድሮው ካርቶን አለ? ፊርማ፣ ቀን፣ ምስክር?»

«ሱቁ ሲዘጋ ሁሉም ጠፍቷል።»

«እንግዲያውስ ፈርሚ!» አለኝ እጁን አጨብጭቦ። «ያንቺ በቀን ተመዝግቦ ቻናልሽ ላይ አለ። እነሱ ምን አላቸው?»

«ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው?»

ወርቁ መነጽሩን አወለቀ። «ሕጉማ የሠራው ሰው ነው ባለመብቱ ይላል፤ ባያስመዘግብም። ግን ችሎት ፊት ሰው የሚያመጣው ማስረጃ ነው። የእሳቸው ማስረጃ የት አለ?»

የት እንዳለ እኔ አውቅ ነበር። ስለ አባታቸው ባዝራ፣ ስለ ካርቶኑ፣ እጄን ስለመምታታቸው የተናገሩት ሁሉ፣ የእኔ «ኮቴው ለምን ዞረ?» ብዬ መጠየቅም ጭምር፣ ስልኬ ላይ ተቀድቶ ነበር። እነሱን ላስይዝበት ያዘጋጀሁት ቅጂ በዓለም ላይ ለእሳቸው የሚመሰክር ብቸኛ ነገር ነበር፤ ያንንም የደመሰስኩት እኔው ነኝ። ያን ያህል ቀላል ነበር። አንድ ፊርማ፣ እና ማንም አያውቅም። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። እናቴን አሰብኩ፣ የዕድሯን ሴቶች አሰብኩ፣ የሽፋኑን ስም አሰብኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጽፌያለሁ። ከዚያ እጄ ቆመ። ደግነት አይደለም፤ ፈርሜ ብወጣ ከዚያ በኋላ የማየውን ሰው ሁሉ እኔን እንደሚጠረጥረኝ እየጠረጠርኩ መኖሬ ታየኝ። አልቻልኩም።

ወጥቼ አርታኢዋ ጋ ደወልኩ።

«ወስጄ ነው» አልኳት። «እኔ ነኝ ከእነሱ የወሰድኩት። አልፈቀዱልኝም።»

«ሌላ ገጸ ባሕርይ ካለሽ ላኪልን» አለችኝ። ሌላ አልነበረኝም።

በማግስቱ ቻናሌ ላይ ያለ ሥዕል ጽሑፍ ብቻ አወጣሁ። እትዬ ባዝራ የዳንግላው የጋሼ አንለይ መሆኗን፣ ታፔላ ጽሕፈትንም ሥዕልንም ያስተማሩኝ እሳቸው መሆናቸውን፣ ሬዲዮ ላይ የተናገርኩት ውሸት መሆኑን ጻፍኩ። አንዳንዱ ሰደበኝ። ብዙው «ማን ጠየቀሽ?» አለኝ። ግማሹ ተከታይ ቻናሉን ለቆ ሄደ። መዋዕለ ሕፃናቱ ግድግዳ ላይ የውጭ አገር ካርቱን መሳልንም ከዚያ ወዲህ እምቢ ብያለሁ፤ ዳይሬክተሯ ስልኳን ስታወጣ «የማን ነው?» ብዬ ስለምጠይቅ አብዳለች ተብያለሁ። ልጆቹ የሚያውቁትን በግና ድመት ራሴ እያየሁ እስላለሁ፤ ገና አልሰመረልኝም፤ ድመቶቼ አይጥ የሚፈሩ ይመስላሉ።

መጽሐፉ ወጣ። የሌላ ሠዓሊ ፍየል ናት ያለችበት። ጥሩ ፍየል ናት። እናቴ ገዝታ አመጣችልኝና «ያንቺ ትሻል ነበር» አለችኝ፤ «የእኔ አልነበረችም» ብዬ መለስኩላት።

እናንተ የምታነቡ፣ በተለይ በእጃችሁ የምትሠሩ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት የምትሉትን ነገር ማን እጃችሁ ላይ እንዳስቀመጠው አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ አስቡት። ሰው ስትጠረጥሩ ደግሞ፣ መጠርጠር አይቀርም፣ እኔም አልተውኩም፣ ግን በስማችሁ ግቡ። እኔ በስሜ ገብቼ ቢሆን ኖሮ አንድ ሽማግሌ ደስ ብሎት ጣቱን ቀለም ይነክርልኝ ነበር። ይህን ሳስብ እስካሁን ያቃጥለኛል።

ዳንግላ መመላለስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ስሄድ ስመኝ በሩን ከፍታ «አባዬ ተኝቷል» ብላ ዘጋችው። ሁለተኛም እንዲሁ። ስለ ፊርማ አንድም ቃል አላነሳሁም፤ የምፈልገው ነገር ምን እንደሆነ ራሴም በቅጡ አላውቀውም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ እንደገና አንኳኳሁ። ስመኝ በሩን ከፈተችና ቆማ አየችኝ። ዱቄት ያለበትን እጇን በልብሷ ጠረገች። ጋሼ ከውስጥ በአዊኛ ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ይህችን ይህችን ተምሬያለሁ።

ስመኝ ዓይኗን ከእኔ ሳታነሳ፣ እኔም እንድሰማው በአማርኛ መለሰችላቸው።

«ተማሪህ ናት» አለች።